አንዲት ፊደል የሰበረችው ዝምታ

ሰኞ ጠዋት ከተማዋ በሳቅ ነቃች። እሑድ ከሰዓት በኋላ በየግድግዳው፣ በየመብራት ምሰሶውና በየሱቁ በር በተለጠፈው ፖስተር ላይ አንዲት የአርባ ስምንት ዓመት ሴት መነጽሯን አድርጋ፣ ግራጫ ኮቷን ለብሳ ፈገግ ብላለች። ከሥሯ በወፍራም ሰማያዊ ፊደል "እስማችኋለሁ" ይላል።

መሆን የነበረበት "እሰማችኋለሁ" ነው። አንዲት "ሰ" ግራ እግሯን ሸብረክ አድርጋ "ስ" ሆነችና፣ ሕዝቡን አዳምጣለሁ ልትል የወጣችው እጩ ሕዝቡን በሙሉ እስማለሁ ብላ አረፈችው።

ዳቦ ቤት በር ላይ የተሰለፉት ሰዎች "ይሄ ሰልፍ የዳቦው ነው የመሳሙ?" ይባባላሉ። ተፎካካሪዋ ባለወፍጮው ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ለመጣው ሁሉ፣ "እኔ ሚስቴን ስለምፈራ እንዲህ ያለ ቃል አልገባላችሁም" እያለ ያስቃል።

ፖስተሩን ያተመው ሰው ነገሩን ያየው የማተሚያ ቤቱን በር ከፍቶ ቀና ሲል ነው። ማዶ ካለው ፋርማሲ ግድግዳ ላይ ራሱ ያተመው ቃል ፊት ለፊት አፈጠጠበት። አንዴ አነበበው። ደገመው። ከዚያ ቁልፉን በሩ ላይ እንደተወ ገባና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሠራ ከእጁ እንዲህ ያለ ስህተት ወጥቶ አያውቅም።

ይህ ሰው ከተማው ውስጥ "ቀለሜ" ነው የሚባለው። ስሙን ያወጡለት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ናቸው፤ ከክፍሉ አንደኛነትን ለማንም አስነክቶ ስለማያውቅ። አሥረኛ ክፍል ላይ አባቱ ሲሞቱ ግን ደብተሩን ዘግቶ እዚሁ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ ቀለሜነቱ ከጭንቅላቱ ወርዶ ጥፍሩ ሥር ገባ። እናቱን ጦረ፣ ሁለት እህቶቹን ዳረ፣ ማተሚያ ቤቱንም የራሱ አደረገ፤ እሱ ግን ሳያገባ ቀረ።

ያን ጊዜ ሁልጊዜ ሁለተኛ ትወጣ የነበረችው ልጅ ናት እንግዲህ ዛሬ ከፖስተሩ ላይ የምታየው።

እሷ ትምህርቷን ጨርሳ ውጭ ጉዳይ ገባች። ከአገር አገር ስትዞር ሃያ ሁለት ዓመት ኖራ፣ ሥራውን በቃኝ ብላ ተመለሰችና ለፓርላማ ተወዳደረች። ሰው ሁሉ "አምባሳደሯ" ይላታል። እሷ መጀመሪያ ሰሞን "ኧረ አምባሳደር አልነበርኩም፣ አንደኛ ጸሐፊ ነበርኩ" ብላ ልታርም ሞክራ ነበር። "ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ታይፕ ስትመቺ ነበር?" ሲሏት የምርጫ ሥራዋን የሚመራው ጠበቃው ወንድሟ፣ "በፈጣሪ፣ ሁለተኛ እንዳታርሚ!" ብሎ ለመናት።

ቀለሜና እሷ ድሮ ይዋደዱ ነበር። ይህን ከተማው ረስቶታል፤ እነሱ ግን አልረሱትም። ውጭ በሄደች በመጀመሪያው ዓመት በየሁለት ሳምንቱ ይጻጻፉ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ በመሥሪያ ቤት ወረቀት የተጻፈ ደብዳቤ መጣለት። ቃል በቃል ያስታውሰዋል፤ "በመካከላችን ያለው መልካም ግንኙነት ወደፊትም ተጠናክሮ እንደሚቀጥል ያለኝን ጽኑ እምነት እገልጻለሁ" ይላል። መንግሥት ለመንግሥት የሚጻጻፈው እንዲህ ነው። ቀለሜ ሦስት ቀን አሰበበት። ከዚያ ሁለት መስመር መለሰ፦ "ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልካም የሥራ ዘመን ይሁንልሽ።" በዚያው ቀረ። እሷም እዚያው አግብታ፣ በአራት ዓመቷ ፈታች ሲባል ሰማ።

ፖስተሩን ለማሳተም ከወንድሟ ጋር የመጣች ዕለት "እንደምን ነዎት?" አለችው። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?" አላት። አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው የተማሩ ሰዎች በ"እርስዎ" ተነጋገሩ። የፈለገችውን ቃል ከደብተሯ ቀድዳ በእጇ ጽፋ ሰጠችው። ናሙናው ሲወጣም ከሥሩ "ይታተም" ብላ ፈረመች። ቀለሜ ናሙናውን ከጽሑፏ ጋር ያመሳከረው እንደ ልማዱ በጣቱ እየተከተለ ነበር። ግን ያን ዕለት ያየው ቃሉን ሳይሆን የእጅ ጽሕፈቷን ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ወደ ቀኝ ዘመም የሚል ፊደሏ እንደገና ፊቱ ተቀምጦ፣ እሱ ምን ፊደል ሊያርም!

አሁን ከበርጩማው ተነስቶ መሳቢያውን ከፈተ። ወረቀቷን አወጣ። ናሙናውን አወጣ። ሁለቱም ላይ "እስማችኋለሁ" ይላል፤ በእጇም፣ በፊርማዋም። ከድንጋጤው ይልቅ የገረመው ነገር፣ ስህተቱ የሁለታቸውም መሆኑ ትንሽ ደስ ማሰኘቱ ነበር።

ጠበቃው ሳያንኳኳ ነው የገባው።

"ባለወፍጮው ምን ብሎ አግባባህ?" አለ ቆሞ።

"ማንም ምንም አላለኝም።"

"እኔ ልጅ አይደለሁም! አሥር ቀን ለቀረው ምርጫ እህቴን የከተማ መሳቂያ ያደረግሃት በአጋጣሚ ነው በለኛ! ናሙናውስ? የፈረመችበት ናሙና የታል?"

ቀለሜ መሳቢያውን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ዘጋው። ወረቀቱን ቢያሳይ የሱ ስም ነጻ ይወጣል። ግን ነገ ጠዋት ባለወፍጮው፣ "የራሷን ፖስተር አንብባ የማትፈርም፣ የአገር ሕግ አንብባ ልትፈርም ነው?" እንደሚል አወቀ። እውነትም ይላል።

"ጠፍቷል" አለ።

"ጠፍቷል?"

"ከወረቀት ቁርጥራጭ ጋር ተጥሎ ይሆናል።"

"እንግዲያው እኔ እንደማውቅ አደርጋለሁ" ብሎ ጠበቃው በሩን ወርውሮት ወጣ።

ከወረቀት መቁረጫው ጀርባ መጽሐፍ የሚጠርዙት አሮጊት ሁሉንም ሰምተዋል። እሳቸውን ሰው ሁሉ እትዬ ጥራዝ ይላቸዋል፤ ከቀለሜ በፊት እዚያ ቤት የገቡ፣ እሱንም ሥራ ያስተማሩ ናቸው።

"አንተ ልጅ" አሉት ሙጫቸውን እያማሰሉ፣ "በዚህ ዕድሜህ መዋሸት ጀመርክ?"

"ተዪኝ እትዬ።"

"እኔስ እተውሃለሁ። ስም ግን አንዴ ከተቀደደ በእኔ ሙጫ አይያዝም።"

ቀለሜ ወደ ማሽኑ ዞረ። ደረቱ ውስጥ የተሰማው ነገር ግን ጸጸት አልነበረም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ለሷ አንድ ነገር ማድረግ የቻለ ሰው የሚሰማው ሙቀት ነበር።

ሙቀቱ ሁለት ቀን አልቆየም። ማክሰኞ የጠበቃው መግለጫ በከተማው ሬዲዮ ተነበበ፤ "ማተሚያ ቤቱ ሆን ብሎ የፈጸመው ሴራ" ይላል። ትምህርት ቤቱ የዓመቱን ሰርተፍኬት ሌላ ቦታ እንደሚያሳትም አስታወቀ። ሊጋቡ ቀን የቆረጡ ሁለት ወጣቶች መጥተው የጥሪ ካርዳቸውን ጽሑፍ መልሱልን አሉ፤ "ቅር እንዳይልዎት ጋሼ፣ የሙሽሪትን ስም ሌላ ያደርጉብናል ብለን ነው።"

እሷ አልመጣችም። አልደወለችም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ከማተሚያ ቤቱ በር ቆሞ ሳለ የቅስቀሳዋ መኪና በቀስታ አለፈ። ከኋላ ወንበር ነበረች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ቀለሜ ሳያስበው እጁን ከፍ አደረገ። እሷ አንገቷን ደፋች፤ መኪናው አለፈ።

"አየሽ እትዬ?" አለ ወደ ውስጥ ገብቶ።

"አይቻለሁ።"

"ያው ናት። ከባድ ነገር ሲመጣ ዝም ነው።"

እትዬ ጥራዝ ከሥራቸው ቀና አሉ። "አንተስ ስትናገር የሰማህ ማነው?"

ይህን ሲሉት ተቆጣ። የተቆጣው እውነት ስለሆነ እንደሆነ የገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ከገባው በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከፋው።

ቅዳሜ ጠዋት እጩዎቹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፊት ለፊት ተከራከሩ። እትዬ ጥራዝ ናሙናውን ከመሳቢያው አውጥተው በቀለሜ የኮት ኪስ ውስጥ በገዛ እጃቸው ከተው፣ "ታወጣዋለህ አታወጣውም የራስህ ጉዳይ ነው፤ ባዶ ኪስህን ግን አትሄድም" አሉት። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ምሰሶ አጠገብ ተቀመጠ። ሰዎች እያዩት ተንሾካሾኩ። አንዱ ከጎኑ ተነስቶ ሌላ ወንበር ፈለገ።

መድረኩ ላይ ባለወፍጮው ስለ መንገድ፣ እሷ ስለ ውኃ መስመርና ስለ ጤና ጣቢያው ተናገሩ። የሷ ንግግር የታረመ፣ የተስተካከለ፣ እንደ መግለጫ ነበር። ሰው ያጨበጨበላት በጨዋነት ነው። ከዚያ መድረኩን የምትመራው መምህርት ከሕዝብ የተሰበሰቡትን ጥያቄዎች ማንበብ ጀመረች።

"ለአምባሳደሯ የቀረበ ጥያቄ። ፖስተሩን ሆን ብሎ አበላሽቷል በተባለው ማተሚያ ቤት ላይ ምን እርምጃ ይወሰዳል?"

ከፊት ረድፍ የተቀመጠው ወንድሟ አንገቱን ነቀነቀ፤ መልሱን ራሱ ጽፎ ሰጥቷታል። እሷ ወረቀቱን አነሳች።

"ጉዳዩ በሦስተኛ ወገን የተፈጸመ ግድፈት በመሆኑ፣ በሚመለከተው አካል ተጣርቶ…"

አቆመች። መነጽሯን አወለቀች። ቀለሜ ከሩቅ ሆኖ፣ ያለ መነጽር ፊቷ የድሮው መሆኑን አየ።

"ይሄ የምታነቡልኝ ዓይነት ቋንቋ ነው፣ የምትሰሙኝ ዓይነት አይደለም" አለች ወረቀቱን እያጠፈች። "ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስናገር ኖሬያለሁ። ሥራዬ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ። ፖስተሩ ላይ ያለውን ቃል በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩበት ደብተር ቤቴ ነው፤ የተቀደደው ገጽ ምልክቱን በሥሩ ባለው ገጽ ላይ አትሞ ትቶታል፤ 'ስ' ነው። ስንት ዓመት በውጭ ፊደል ስጽፍ ኖሬ እጄ የራሳችንን ፊደል እግር ረስቷል። ናሙናውንም ሰጥተውኝ ፈርሜያለሁ። ማተሚያ ቤቱ ያተመው እኔ አትሙ ያልኩትን ነው።"

ወንድሟ ብድግ አለ፤ መልሶ ተቀመጠ።

"ይህን ረቡዕ ዕለት አውቄያለሁ" አለች። "ምርጫው ይለፍ ተብዬ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በነዚህ ሦስት ቀናት አንድ ሰው ስሙ ሲጠፋ እያየሁ ነው ዝም ያልኩት። እሱ ደግሞ የኔ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ጠፋ ብሎ ዋሸልኝ። እንዳልጠፋ አውቃለሁ። ያ ሰው ወረቀት አይጠፋበትም።"

ዓይኗ በረድፎቹ መሐል ዞሮ ምሰሶው አጠገብ ቆመ።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አለችው።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

"'ያድርጉልኝ' ማለት ነበረብኝ መሰለኝ። ግን አብረን ነው የተማርነው። እሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ።"

ከመሐል አንድ የባለወፍጮው ሰው "ታዲያ መሳሙ ቀረ ማለት ነው?" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች፤ ከመጣች ወዲህ በዚህ ከተማ እንዲህ ስትስቅ የታየችው ያን ቀን ነው።

"ለእናንተ ቀርቷል" አለች። "ማዳመጡ ግን አለ።"

"ለእናንተ ነው የምትለው፣ ሰማችኋት?" አሉ አንዲት አሮጊት ጎናቸው ያለችውን እየጎሸሙ። ጭብጨባው ያን ጊዜ መጣ፤ አሁን የጨዋነት አልነበረም።

ቀለሜ አላጨበጨበም። እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ናሙናውን ጨምድዶ ይዞት ኖሯል። በ"አንተ" መጠራት ምን ያህል እንደሚከብድ ተገረመ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን በእግሯ መጣች። እትዬ ጥራዝ ሲያይዋት ነጠላቸውን አንስተው፣ "ሙጫ አልቆብኛል፣ ልገዛ ነው" ብለው ወጡ። ሙጫው ባልዲ ሙሉ ነበር።

እሷ የተቆለለው ወረቀት ላይ ተቀመጠች። "ረቡዕ ያየኸኝ ደብተሩን ካገኘሁ በኋላ ነው። ዓይንህን ማየት አቃተኝ።"

"የናቅሽኝ መስሎኝ ነበር።"

"አንተ ሁሌ የሚመስልህ እሱ ነው።"

ከዚያ ቀለሜ፣ እንዴት እንደደፈረ ሳያውቅ፣ "'ያለኝን ጽኑ እምነት እገልጻለሁ'" አለ።

ቀና ብላ አየችው። "ታስታውሰዋለህ?"

"መንግሥት ነኝ እንዴ እኔ? እንደዚያ ብለሽ የጻፍሽልኝ?"

"እዚያ የነበረው አለቃዬ የሁላችንንም ደብዳቤ ከፍቶ ያነብ ነበር" አለች። "ከዚያ በፊት የጻፍኩልህን አንዱን ለሰው እያነበበ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ በሥራ ቋንቋ ልጻፍለት አልኩ፤ እሱ ቀለሜ ነው፣ ይገባዋል ብዬ። በኛ ሥራ እኮ ቃል ደረጃ አለው። 'እምነት' አለ፣ 'ሙሉ እምነት' አለ። 'ጽኑ እምነት' ግን ለአገር እንኳ ጽፌ አላውቅም። ከሱ በላይ ቃል አልነበረኝም። አንተ መልካም የሥራ ዘመን አልከኝ።"

ቀለሜ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጨርቁም ራሱ ቀለም የነካው ነበር።

"አልገባኝም ብልሽ ውሸት ነው" አለ። "ጠርጥሬ ነበር። ሦስት ቀን ያሰብኩት ለዚያ ነው። ግን እኔ ማነኝ? አሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ጥፍሩ የማይጠራ ሰው። እዚያ ግብዣ ላይ አጠገብሽ ብቆም ምን ይሉሻል? መሰናበቻ ነው ብዬ ያነበብኩት መሰናበቻ እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው። ኩራት ነው። ይሄው፣ ተናገርኩት።"

"እኔስ?" አለች። "ሁለት መስመር አንብቤ አኮረፍኩ። ምን ማለትህ ነው ብዬ አንዲት ወረቀት መጻፍ አቅቶኝ! ሁለት አገር አስታርቄ አውቃለሁ እኮ፣ የሚገርምህ።"

ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

"እንግዲያው አሁን በግልጽ ተናገሪ" አለ ቀለሜ። "ጽኑ ምናምን ሳይኖርበት።"

ኮቷን አወለቀችና ጉልበቷ ላይ አደረገችው። "ብመረጥ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ዋና ከተማ ነኝ። ባልመረጥም ከዚህ ከተማ አልሄድም። በሁለቱም ካንተ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። እወድሃለሁ። ድሮም እወድህ ነበር፣ በመሐሉ ሌላ ሰው አግብቼ እንኳ እንዲያው አለቀቀኝም። ሌላ የምለው የለኝም።"

ቀለሜ ወደ ማሽኑ አንድ እርምጃ ሄደ።

"ማሽኑን ላጥፋው" አለ።

ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳም ነበር። እሷ ይህን አይታ ያን በቀለም የጠቆረ እጁን ያዘችው። ቀለሜ እጁን ሊሸሽግ አልቃጣም፤ ቀለሙ መዳፏ ላይ ሲቀር እያየም አላፈረም።

ሐሙስ ከተማው መረጠ። ቆጠራው ሲያልቅ እሷ ባለወፍጮውን በሦስት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ በለጠችው። ባለወፍጮው ሽንፈቱን በጨዋታ ተቀበለ፤ "እኔም አንድ ፊደል ባሳስት ኖሮ!" አለ አሉ። ወንድሟ አሥር ቀን ኩርፊያውን ይዞ ከረመና አንድ ቀን ማተሚያ ቤቱ መጣ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል አላወጣትም፤ ለጠበቃ ቢሮው አዲስ የደብዳቤ ወረቀት እንዲታተምለት አዘዘ፣ ሲወጣም በሩን በቀስታ ዘጋው። ቀለሜ ይህን እንደ ይቅርታ ቆጠረለት። ትምህርት ቤቱም የሰርተፍኬቱን ሥራ መለሰለት።

ፓርላማው ሊከፈት ሲል፣ ሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ጣቢያ ሸኛት። ሻንጣዋን ራሱ ወደ ላይ አቀበለ። ረዳቱ "አባት፣ ይሄዳሉ ወይስ ሸኚ ነዎት?" ሲለው፣ "ሸኚ ነኝ፤ ሐሙስ ማታ ደግሞ ተቀባይ" አለ። እሷ በመስኮት ሆና፣ "እንዳትረሳ፣ ብላ" አለችው። እንደ ሚስት ነው ያለችው፤ ገና ሳይጋቡ።

አውቶቡሱ ወጣ። ቀለሜ በእግሩ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዳቦ ቤቱ ጋ "እንዴት አደርክ?" አሉት፤ "ደህና" አለ። ፋርማሲው ጋ ጠየቁት፤ "ደህና" አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሳያስብ የሚመልሳት ቃል ናት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆም አለና ራሱን ጠየቀ፤ እውነትም ደህና ነበር።